ሞራው እስኪበስል አትጠብቁ

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥ አብዛኞቻችሁ የዓይን ሞራ የለባችሁም። ሞራ ያለባቸው እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም ክፍለ ሀገር ያሉት አያታችሁ ናቸው። እነሱ ስልክ ላይ ረጅም ጽሑፍ አያነቡም፤ ቢፈልጉም ዓይናቸው እሺ አይላቸውም። ገንዘቡን የምትከፍሉት፣ ካርድ የምታወጡት፣ "ይሠራላቸው" ወይም "ትንሽ እንቆይ" ብላችሁ የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ። የምጽፈውም ለእናንተ ነው።

በየቤቱ የሚሰማ አንድ ምክር አለ፦ "ገና ነው፤ ሞራው ይብሰልና ይገፈፋል።" ጎረቤት ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል፣ አንዳንዴ የጤና ባለሙያም ይለዋል። ምክሩ ክፋት የለበትም። በአንድ ወቅት ትክክልም ነበር። ዛሬ ግን ሰዎችን ያለ ምክንያት ዓመታት ያስጠብቃል፤ ሲጠበቅ የኖረውን ቀዶ ሕክምናም መልሶ ያከብደዋል።

መጀመሪያ ሞራ ምን እንደሆነ እንይ። ከዓይናችን ብሌን ጀርባ ትንሽ ሌንስ አለች። ብርሃን በእሷ አልፎ ከዓይን በስተኋላ ያለው ሬቲና ላይ ያርፋል። ሌንሷ ከውሃና ከፕሮቲን የተሠራች ናት፤ በጤናዋ ጊዜ ፍጹም ጥርት ያለች ናት። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮቲኑ ይጓጉልና ትደፈርሳለች። የዓይን ሞራ ማለት ይኸው የደፈረሰ ሌንስ ነው። ብዙ ሰው ግን ከውጭ ዓይን ላይ የበቀለ ሽፋን ይመስለዋል። ከነጩ የዓይን ክፍል ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚገባው ሥጋ መሰል ነገር ሌላ ችግር ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሞራው ዓይን ውስጥ በመሆኑ በጠብታ አይሟሟም። ማርም ሆነ የቅጠል ጭማቂ፣ ኩልም ሆነ ከውጭ የተላከ ውድ ጠብታ አያነሱትም። መነጽር መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ያግዛል፤ ከዚያ በኋላ እሱም አቅም ያጣል። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት። "እስኪ መጀመሪያ የባህሉን እንሞክር" ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። ዓይን ውስጥ የሚጨመር የቅጠል ጭማቂ የዓይንን የፊት ክፍል ሊያቆስልና ጠባሳ ሊተው ይችላል። ጠባሳው ከቀረ ደግሞ ሞራው በደንብ ቢወጣ እንኳ እይታው አይጠራም።

መንስኤው በአብዛኛው ዕድሜ ነው። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ለብዙ ዓመት የሚያገኘን ጠንካራ ፀሐይና ዓይን ላይ የደረሰ ምት ያፋጥኑታል። አንዱን ግን ለየት አድርጌ ልጥቀስ፤ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ። ዓይን ሲያሳክክ ወይም ሲቀላ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ሲያልቅ ይደገማል። በወራትና በዓመታት ሲደጋገም ሞራንም ግላኮማንም (የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣ በሽታ) ያመጣል፤ ለልጆችም አይመለስም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠብታ ካለ ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

የችግሩን ስፋት ለማየት እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ይጠቅማል። ጥናቱ ቆየት ቢልም እስካሁን የሚጠቀሰው እሱ ነው። ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነዚህ መካከል 49.9 በመቶው፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ፣ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ነው። ብዙ የሚወራለት የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ ላይ ሆኖ በሩቁ ይከተላል። ሞራ ደግሞ ከሌሎቹ የሚለየው ያጠፋውን ብርሃን በቀዶ ሕክምና መመለስ መቻሉ ነው። ግማሹ ዓይነ ስውር መታከም እየቻለ ተቀምጧል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋንን በ2030 በ30 የመቶኛ ነጥብ ለማሳደግ ተስማምተዋል። ከስምምነቱ ውስጥ እኔን የሳበኝ አቆጣጠሩ ነው። የሚቆጠረው የተሠራ ዓይን ብቻ አይደለም፤ ተሠርቶ በደንብ ያየ ዓይን ነው። "በዚህ ዘመቻ ይህን ያህል ሰው ታከመ" የሚለው ዜና ይህን አይነግረንም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንቱ አየ? ለአንድ ቤተሰብም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

"ይብሰል" ከየት መጣ?

የዛሬ 50 ዓመት ገደማ የነበረው የሞራ ቀዶ ሕክምና ከአሁኑ ጋር አይገናኝም። ሐኪሙ ዓይኑን በሰፊው ከፍቶ ሌንሱን ከነሽፋኑ ያወጣዋል። ቁስሉ በክር ይሰፋል። በወጣው ሌንስ ቦታ የሚተካ ነገር አይገባም። ስለዚህ ታካሚው የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ ወፍራም መነጽር ይሰጠዋል። በዕድሜ የገፉ አንባቢዎች እነዚያን መነጽሮች ያስታውሷቸዋል። ነገሩን ሁሉ ከመጠኑ አተልቀው ያሳያሉ፤ በጎን የሚመጣውን ግን ይደብቃሉ። የተሰበረ ወይም የጠፋ ቀን ባለቤቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያን ሁሉ ለመቀበል ሰውየው አስቀድሞ ማየት ያቆመ መሆን ነበረበት። ትንሽም ቢሆን የሚያየውን ሰው መንካት ኪሳራ ነበር። ሐኪሞቹ "ይብሰል" ሲሉ ልክ ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ አብራሪዎችን ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ። ከአውሮፕላኑ መስኮት ተሰብሮ ዓይናቸው ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይኑን አያስቆጣውም። እ.ኤ.አ. በ1949 መጨረሻ ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በታካሚ ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲቃወሙት ኖሩ። በ1967 ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን የደፈረሰውን ሌንስ በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ መምጠጥ ጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሆኖ የጥርስ ማጽጃ መሣሪያውን ሲያይ ነው ይባላል።

ቀጥሎ የዋጋው ነገር መጣ። ሌንሱ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ ለድሃ አገር የማይታሰብ ነበር። በሕንድ ማዱራይ ከተማ ያለው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ ዋጋውን ወደ 10 ዶላር ገደማ፣ ኋላም ከዚያ በታች አወረደው። በአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም የተቋቋመው ድርጅት ደግሞ በ1994 እዚሁ ጎረቤታችን አስመራ ላይ የሌንስ ፋብሪካ ከፈተ። ዛሬ ሌንሱ ብርቅ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ክር አይጠይቅም። ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሁሉም ነገር ተለውጦ ምክሩ ብቻ እንዳለ ቀረ።

መቆየቱ ጉዳት ባይኖረው እኔም ይህን ያህል አልከራከርም ነበር። ሞራ በቆየ ቁጥር ግን ይጠነክራል፤ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ይደርቃል። ያን ሰባብሮ ለማውጣት ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱ ደግሞ የዓይኑን ስስ ክፍሎች ይጎዳል። አንዳንዱ ሞራ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋና ግፊቱ በድንገት ይወጣል። ሌላው ፈሳሹ እየሾለከ ተመሳሳይ መዘዝ ያመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑ ደም መስሎ፣ ራሱን ይዞ፣ እያስመለሰው ሆስፒታል ይደርሳል። ግፊቱ የዓይንን ነርቭ ከጎዳው በኋላ ሞራው ቢወጣም ብርሃኑ አይመለስም። ይመለስ የነበረ ዓይን በመጠበቅ ብቻ ጠፋ ማለት ነው።

በደንብ የማያይ አረጋዊ ይወድቃል፤ ይህም መረሳት የለበትም። በአሜሪካ በአረጋውያን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትልቅ ጥናት ሞራቸው የተወገደላቸው ሰዎች ዳሌያቸው የመሰበር ዕድሉ ካልተሠራላቸው በ16 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ዳሌ የተሰበረ አረጋዊ ያስታመመ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

መቼ ነው ታዲያ?

ሞራው ሰውየውን ከሚሠራው ነገር ሲያግደው ነው። መልሱ የሞራው ንጣት ላይ የለም፤ የሰውየው ኑሮ ላይ ነው። እናታችሁን "ታያለሽ?" ብላችሁ ብትጠይቋት "ደህና ነኝ ልጄ" ነው የምትላችሁ። ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። የመቶ ብርና የሁለት መቶ ብሩን ኖት ትለያለች? ሰው በሩ ላይ ሲቆም በመልኩ ነው የምታውቀው በድምፁ? ምስርና ሩዝ መልቀም ትታለች? ደረጃ ላይ በእግሯ ትዳስሳለች? አባታችሁ ዳዊቱን ወይም ቁርዓኑን ማንበብ መቼ ተዉ? መኪና የሚነዱ ከሆነ ማታ የሚመጣባቸው መብራት ይበተንባቸዋል? መልሱ ሰብሰብ ብሎ ሲታይ ጊዜው መድረሱን ይነግራችኋል።

አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። አንዳንድ አረጋውያን ለዓመታት ሲጠቀሙበት የነበረውን የንባብ መነጽር በድንገት ይጥሉታል። "ዓይኔ ተመለሰልኝ፣ ያለ መነጽር አነባለሁ" ይላሉ፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሞራ ጅማሬ ነው። የሌንሱ መሐል ሲጠነክር የቅርቡን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ የሩቁን ግን እየወሰደ ነው። ደስታው ለጥቂት ወራት ነው።

ልጆች ላይ ግን ጊዜ መምረጥ የለም። ሕፃን ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታከመ አእምሮው በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ይቀራል። ነጩ ነገር የዓይን ካንሰር የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ዓይኑ ከመከፈቱ በፊት

የቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሥራ ያለው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው እላለሁ። ብዙ ቅሬታ የሚነሳውም እዚህ ላይ ከተዘለለ ነገር ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ የሚፈትሸው ከሞራው ጀርባ ያለውን ነው። ሞራ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ሲነሳ የሚያየው ሬቲናና ነርቭ ደህና መሆን አለበት። ሞራው ነጭ ሆኖ ጀርባው ባይታይ እንኳ ታካሚው ብርሃን ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት አለበት። ብሌኑም ለብርሃን መልስ መስጠት አለበት። ካስፈለገ በአልትራሳውንድ ይታያል። ግላኮማ ነርቩን የጨረሰው ዓይን ወይም ስኳር ሬቲናውን ያበላሸው ዓይን ሞራው ቢወጣም ብዙ አያይም። ሐኪም "ይህ ዓይን ቢሠራም ተስፋው ትንሽ ነው" ሲላችሁ ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት። ያልሠራው ሐኪም ከሠራው ይልቅ ሐቀኛ የሆነበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ልኬት ነው። የሚገባው ሌንስ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚወጣው የዓይኑ ርዝመትና የፊቱ ጉብጠት ተለክቶ ነው። ርዝመቱ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት መነጽሩን ወደ 3 ቁጥር ገደማ ያዛባል። ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን አልቆ ታካሚው አሁንም ብዥ ካለበት፣ ከልኬት የመጣ ሊሆን ይችላል። "ዓይናቸው ተለክቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛው የሌንሱ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ኪስም ይነካል። መደበኛው ሌንስ በአንድ ርቀት ላይ ያተኩራል። አብዛኛው ሰው ሩቁን ይመርጥና ለንባብ መነጽር ያደርጋል። ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል የሚባለው ውድ ሌንስ ለአንዳንዱ ሰው ይስማማል። በሌላው ላይ ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፤ የነገሮችንም ጉልህነት ይቀንሳል። ግላኮማ ወይም የሬቲና ችግር ላለበት ሰው በአብዛኛው አይመከርም። ውድ ስለሆነ የተሻለ ነው ብላችሁ አትግዙ። ለእኔ እናት ቢሆን መደበኛውን አስገብቼ የቀረውን ገንዘብ ለጥሩ መነጽርና ለክትትል እይዘው ነበር።

ከዚህ በላይ ዋጋ ያለው ውይይት ሰውየው ምን ሲሠራ እንደሚውል ለሐኪሙ መንገር ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ድሩ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ጥልፍ ጠላፊ፣ መጽሐፍ የማይለያቸው መሪጌታም እንዲሁ። ለእነሱ ቅርቡ በግልጽ ታይቶ ለሩቁ መነጽር ቢደረግ ይሻላቸው ይሆናል። ከብት ጠባቂና ሹፌር ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ይህን በራሱ አያውቅም፤ በወረፋው ብዛት ላይጠይቅም ይችላል። እናንተ ንገሩት።

መድኃኒትም እንዲሁ አይደበቅም። የሚወሰደው ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዝ። በተለይ ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን የዓይንን ብሌን እንዲዝልና እንዲጠብ ስለሚያደርግ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አባቶቻችን ደግሞ ይህን ለልጅ መናገር ያፍራሉ። መድኃኒቱ ከወራት በፊት ቢቆምም ይነገር። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች በራሳቸው ውሳኔ አያቁሙ። ስኳርና ደም ግፊታቸው ከቀናት በፊት ይስተካከል፤ በዕለቱ ግፊት ከፍ ብሎ ሰው ከሆስፒታል በር የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው። ሳል ያለበት፣ ቀጥ ብሎ በጀርባው መተኛት የማይችልም ይናገር።

በዕለቱ የሚሆነው

ዓይን ወጥቶ፣ ታጥቦ አይመለስም። ይህን የምጽፈው የሚያምኑ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ብዙ አረጋውያንን ከቤት የሚያስቀረው ፍርሃትም ይኸው ነው። ዓይን ከቦታው አይነቃነቅም።

አዋቂ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ዓይኑ በጠብታ ወይም ዙሪያው በሚወጋ ማደንዘዣ ይደነዝዛል። ብሌኑ በጠብታ ይሰፋል፤ ዓይኑና ዙሪያው በአዮዲን ይጸዳል፤ ፊት በጨርቅ ይሸፈናል። ታካሚው የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ኃይለኛ ብርሃን ያያል፣ ሲነካካ ይታወቀዋል እንጂ አያመውም። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ሥራው ከታካሚው የሚጠይቀው አለመንቀሳቀስን ነው። ሳል ወይም ማስነጠስ ከመጣ ቀድሞ መናገር ይቻላል። ቋንቋው ከሐኪሙ የሚለይ ሰው ከሆነ "አትነቃነቁ" እና "ወደ ታች ይዩ" የሚሉት ትእዛዞች አስቀድመው በቋንቋው ይነገሩት። የሚሠራው ግራ ነው ቀኝ የሚለውንም እናንተው አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አረጋግጡ።

ከተማ ውስጥ "በሌዘር ነው የሚሠሩት" ሲባል ትሰማላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እየተወራ ያለው ፋኮ ስለሚባለው፣ በአልትራሳውንድ ስለሚሠራው ዘዴ ነው። በእጅ የሚሠራው፣ ትንሽ ሰፋ ባለ ግን ክር በማይፈልግ ቀዳዳ ሌንሱን የሚያወጣው ዘዴ ደግሞ በክልል ሆስፒታሎችና በዘመቻዎች የተለመደ ነው። ሰዎች ይህኛውን የድሃ ሕክምና አድርገው ያዩታል። ልክ አይደሉም። ኔፓል ውስጥ በሐኪም ሳንዱክ ሩይት የተመራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ታካሚዎቹ የጠና ሞራ የነበራቸው፣ የእኛን አገር የሚመስሉ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ቡድን 98 በመቶው መነጽር አድርገው ጥሩ ያዩ ነበር። በእጅ የሚሠራው ግን ቶሎ ያልቃል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ስለዚህ የማሽኑን ስም ከመጠየቅ ይልቅ ሐኪሙ የለመደው የቱን እንደሆነ ጠይቁ። በኢትዮጵያ ከዓይን ሐኪሞች ሌላ ለዚሁ ሥራ ተለይተው የሠለጠኑ ባለሙያዎችም ሞራ ይገፍፋሉ። ይህም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የዓይን ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሕክምናውን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት

በማግስቱ ሽፋኑ ይነሳል። ትንሽ መቆርቆር፣ እንባ፣ መቅላትና ለቀናት ብዥ ማለት ያለ ነው። ቀለም ደማቅ ይሆናል፤ ሰማያዊው ያስገርማል። እናንተ ግን ተዘጋጁ፤ ብዙ እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት የቤቱን አቧራና የራሳቸውን መሸብሸብ ነው።

ጠብታው በአብዛኛው ለአራት ሳምንት ገደማ ይሰጣል። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ዝቅ ይደረጋል፣ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይን ሳይነካ አንድ ጠብታ ይገባል። "ተሻለኝ" ብሎ በሳምንቱ ማቆም ትልቁ ስህተት ነው። ጾም የሚያሳስባቸው ካሉ የሃይማኖት አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ፤ በግምት እንዳያቋርጡ።

ሐኪም "ውሃ አታስነኩ" ብሎ ያልፋል። በእኛ ቤት ይህ በቂ ማብራሪያ አይደለም። ጠበል የሚጠመቁ እናት "ጠበል እኮ ውሃ አይደለም" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙም ደፍሮ አይጠይቃቸውም። አዲስ ቀዳዳ ያለው ዓይን ግን ያልፈላ ውሃ ሁሉ ጀርም ሊያስገባበት ይችላል። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ለጥቂት ሳምንታት መጠጣት ወይም ዓይን ሳይነካ ሰውነት ላይ ማስረጨት ይችላሉ። ውዱእ የሚያደርጉ አባትም ዓይናቸውን እንዴት እንደሚያልፉ ኢማሙን ይጠይቁ። ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደት፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሶላት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ተቀምጦ ቢሆን ይመረጣል። ጀሪካን መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጭስ ያለበት ማድ ቤት መጋገር ለጊዜው ይቅር። የመጨረሻው የሚከበረው ሌላ ሰው ሲጋግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ማን እንደሚጋግር ወስኑ። ማታ ዓይንን በእንቅልፍ እንዳያሹት መከላከያው ይደረግ።

አሁን በፍጹም እንዳይረሳ የምፈልገው፦ ቀን በቀን መሻል ሲገባው የሚብስ ሕመም፣ የተመለሰ እይታ እንደገና መቀነስ፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላት፣ መግል። ይህ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብርቅ ነው፤ በደንብ በሚሠራበት ቦታ ከ1,000 ሰው አንድ ወይም ከዚያ በታች ላይ ነው የሚከሰተው። ከተከሰተ ግን ዓይንን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ቅዳሜ ማታ ቢሆንም፣ እሑድ ቢሆንም በዚያው ሰዓት ወደ ዓይን ሐኪም ነው የሚሄደው። "ሰኞ እንወስዳታለን" አይሠራም። ብልጭታ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም በጎን የሚወርድ ጥላ ከታየ ደግሞ ሬቲና ሊለቅ ይችላል፤ ችኮላው እኩል ነው። በተለይ በዘመቻ ለሚታከሙ ሰዎች ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሚደወልለት ሰው ስምና ስልክ ሳይያዝ ከግቢው አይወጣም።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ "ሞራው ተመለሰ" የሚባል ነገር አለ። አይመለስም፤ ሌንሱ ወጥቷል። አዲሱን ሌንስ የያዘው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው። ይህን ጊዜ በእውነትም ሌዘር ነው የሚያስፈልገው፤ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ቢላዋም የለበትም። ይህን ባለማወቅ ተስፋ ቆርጠው የተቀመጡ ሰዎች አሉ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። "ቪዛው ሲሳካ እዚህ አምጥቼ አሠራቸዋለሁ" የሚል ልጅ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የሞራ ቀዶ ሕክምናን ከመደበኛ ሌንስ ጋር ይሸፍናል፤ ግን ለጎብኚ ወላጅ አይደለም። ግሪን ካርድ ያገኘ አረጋዊም በራሱ ከፍሎ ለመግባት እንኳ አምስት ዓመት መኖር አለበት። ሙሉውን ከኪስ መክፈል ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ያለ የሠለጠነ እጅ ይህንኑ ሥራ በየቀኑ ይሠራል። ቪዛ በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ሞራው የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። የምትልኩትን ገንዘብ ግን ለቀዶ ሕክምናው ብቻ አድርጋችሁ አታስቡት። መንገድ፣ አስታማሚ፣ ጠብታ፣ የክትትል ምልልስ፣ መጨረሻ ላይ መነጽር አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመነጽሩ ነው፤ ሥራው ተሳክቶ ሰውየው በብዥታ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ሴቶች ላይ ደግሞ መቆየቱ ይብሳል። በዓለም ዙሪያ በሞራ ከታወሩት የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ግን በመጠናቸው አይደለም። አባት ሲታመም በሬ ይሸጣል። እናት "ለእኔ አትቸገሩ" ትላለች፤ ቤተሰቡም ቶሎ ያምናታል።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይኑ ይረጋና መነጽር ይለካል። በዚያው ቀጠሮ ስለ ሁለተኛው ዓይን ጠይቁ። በአብዛኛው ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ቀን አይሠሩም፤ አንዱ ላይ ኢንፌክሽን ቢመጣ ሌላው እንዳይነካ ነው። አንዱ ሲጠራ ግን ቤተሰብ ጉዳዩን ዘግቶ ይቀመጣል። በአንድ ዓይን ብቻ ደረጃን፣ ቦይንና የመኪናን ርቀት መገመት ይከብዳል። ስለዚህ የሁለተኛው ዓይን ቀን ሳይቆረጥ ከሆስፒታሉ አትውጡ።